ቃታው የሚሳበው መቼ ነው? «የድሮ ወታደር አይስትም ነበር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የድሮ ወታደር አይስትም ነበር» የሚል ጽሑፍ እጄ ገባ። ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ስለ ወታደር ሕይወት ከልባቸው የሚጨነቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። እንዲያው በደመ ነፍስ የሚረጭ ጥይት ያሳስባቸዋል። እኔንም ያሳስበኛል። እዚህ ላይ ጠብ የለንም።

የምንለያየው ችግሩ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው። ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። የድሮ ወታደር ሁሉ አልሞ ተኳሽ ነበር። ባለ ካዝና ጠመንጃ ሲመጣ ሰነፈ። አውቶማቲክ ሲመጣ ጭራሽ ማነጣጠር ረሳ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአራት ወታደር ሦስቱ አልተኮሱም። ያንን ለማረም የመጣው ሥልጠና ደግሞ ወታደሩን ሳያስብ የሚተኩስ ማሽን አደረገው። ለዚህም ነው በቬትናም አንድ ሰው ለመግደል 50,000 ጥይት የፈሰሰው። መፍትሔያቸው ወደ ክብ ኢላማ መመለስ፣ አውቶማቲኩን መቆለፍና ሥልጠና ላይ የሚወጣውን ጥይት በሲሙሌተር (ያለ ጥይት ተኩስ በሚያለማምድ ማሽን) መተካት ነው።

ለአብዛኛው ነጥብ መልስ አለኝ። አንዱን በግማሽ እቀበላለሁ። ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ቃል እናጥራ። ጸሐፊው «የተኩስ ዲሲፕሊን» ሲሉ ጥይት መቆጠብ ማለታቸው ነው። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር የቆመው በዚህ ትርጉም ላይ ነው። ለእኔ የተኩስ ዲሲፕሊን ማለት መቼ፣ ማን ላይ፣ በምን ፍጥነት እንደሚተኮስና መቼ እንደሚቆም መወሰን፣ በውሳኔውም መጽናት ነው። አንዳንዴ ይህ ማለት አንድም ጥይት አለመተኮስ ነው። አንዳንዴ ደግሞ በደቂቃ 15 ጥይት መተኮስ ነው። ባለፉት 300 ዓመታት የተለወጠው ትልቁ ነገር ውሳኔው ያለበት ቦታ ነው። ድሮ ያለው አዛዡ አፍ ላይ ነበር። ዛሬ ያለው እያንዳንዱ ወታደር ጭንቅላት ውስጥ ነው። ቀሪው ምላሼ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

«የድሮ ወታደር ሳያነጣጥር አይተኩስም ነበር። ጥይቱ ውድ ስለሆነች እያንዳንዷን በዓላማ ነው የሚያወጣት።»

የትኛው የድሮ ወታደር? በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ እግረኛ የያዘው በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ፣ ቧንቧው ውስጡ ልሙጥ የሆነ ጠመንጃ ነው። ድብልብሏ እርሳስ ከቧንቧው ትንሽ ታንሳለች። እንዲያ ካልሆነች በባሩድ ጥላሸት በቆሸሸ ቧንቧ ውስጥ ቶሎ አትወርድም። ስለዚህ ስትወጣ ከግራ ቀኝ እየተላተመች ነው የምትወጣው። የመጨረሻዋ ግጭት ወዴት እንደምትወስዳት ተኳሹም አያውቅም። ጆርጅ ሃንገር የሚባል እንግሊዛዊ ኮሎኔል በ1814 ስለዚህ ጽፏል። የተራው ወታደር ጠመንጃ 80 ያርድ ላይ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል)፣ ምናልባትም 100 ያርድ ላይ ሰው ይመታል ይላል። 150 ያርድ ላይ ታልሞበት የቆሰለ ሰው ግን እጅግ ዕድለ ቢስ መሆን አለበት።

ሻርንሆርስት የተባለው የፕሩሲያ (ኋላ የጀርመን አካል የሆነችው አገር) ጄኔራል የተለያዩ ጠመንጃዎችን አስፈትኖ ነበር። ያስቆመው ኢላማ ቁመቱ እንደ ሰው፣ ርዝመቱ ግን ወደ 30 ሜትር ነው። በሌላ አነጋገር ተሰልፎ የቆመ ጦር የሚያህል ግድግዳ ማለት ነው። አሮጌው የፕሩሲያ ጠመንጃ በ100 እርምጃ ርቀት 200 ጊዜ ተተኮሰ። ያንን ግድግዳ የነካው ከግማሽ ያነሰው ነው። ያውም ማንም በማይተኩስበት ጸጥ ያለ ሜዳ ላይ።

እንዲህ ዓይነት መሣሪያ የያዘን ሰው ማነጣጠር ማስተማር ብዙም አይጠቅምም። አዛዦቹም ይህን ያውቁ ነበር። በእንግሊዝ ጦር ከመተኮስ በፊት የሚሰማው ትእዛዝ ጠመንጃህን ወደፊት ዘርጋ የሚል እንጂ አነጣጥር የሚል አልነበረም። ሥልጠናው የተገነባው በማጉረስ ላይ ነው። ጎበዝ ወታደር በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል ይተኩሳል። ፕሩሲያዎች የእንጨቱን መጠቅጠቂያ ዘንግ በብረት የለወጡትም ለዚሁ ነው። ብረቱ አይሰበርም፣ ያፋጥናል። ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ የባሩዱ ጭስ ሜዳውን ይሸፍነዋል። ወታደሩ ጠላቱን ሳይሆን ጭሱን ነው የሚያየው።

ታዲያ ዲሲፕሊን አልነበረም? ነበር እንጂ። በጣም ጥብቅ ዲሲፕሊን ነበር። ግን ዲሲፕሊኑ የአዛዡ ነው። ዋናው ጥበብ የመጀመሪያዋን ተኩስ መያዝ ነው። ምክንያቱም እሷ ረጋ ተብሎ የተጎረሰች፣ ጭስ ያልጋረዳት፣ ሁሉም በአንድነት የሚተኩሳት ናት። በ1775 በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በበንከር ሂል አሜሪካውያኑ እንግሊዞቹ አፍንጫቸው ሥር እስኪደርሱ ተኩስ ይዘው ቆዩ። «የዓይናቸውን ነጭ እስክታዩ አትተኩሱ» የሚለው ታዋቂ ትእዛዝ የሚነገረው ስለዚያ ቀን ነው። ትእዛዙን ማን እንደሰጠ እስከዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ውጤቱ ነው። እንግሊዞች ኮረብታውን ቢይዙም ከ1,000 በላይ ሰው ሞቶና ቆስሎ ነው የያዙት። ያ ሁሉ የሆነው እያንዳንዱ ገበሬ አልሞ ተኳሽ ስለነበረ አይደለም። አንድ ላይ ስለታገሡና በቅርብ ርቀት አንድ ላይ ስለተኮሱ ነው።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። እሳቸው በዓይነ ሕሊናቸው ያዩት ወታደር በእርግጥ ነበረ። በቧንቧው ውስጥ ጥይቷን እያሽከረከረ ቀጥ አድርጎ የሚልክ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች በየጦሩ ነበሩ። በ1800 የመጣውን የቤከር ጠመንጃ የያዙት እንግሊዞች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እነሱ ኢላማ ላይ ይለማመዱ ነበር። በጦር ሜዳም ተበታትነው፣ ከለላ ይዘው፣ ሰው መርጠው ይተኩሱ ነበር። ግን ጥቂቶች ናቸው። እነሱን አይቶ «የድሮ ወታደር እንዲህ ነበር» ማለት የዛሬን ስናይፐር አይቶ ስለ ዛሬ ወታደር ሁሉ እንደመናገር ነው።

መሣሪያው ለሁሉም የተሻሻለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ጠመዝማዛ ቦይ ባለው ቧንቧ ውስጥ ቶሎ የምትወርደው የሚኒዬ ጥይት በ1849 ገደማ መጣች። እንግሊዞች የ1853ቱን ኤንፊልድ ጠመንጃ ያዙ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ሃይዝ ላይ የተኩስ ትምህርት ቤት ከፈቱ። እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በዚያ ትምህርት ቤት ከትልልቆቹ ትምህርቶች አንዱ ርቀት መገመት ነበር። ለምን? ጥይቷ ዝግ ብላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ እንደ ደጋን ጎብጣ ወጥታ ትወርዳለች። ማነጣጠሪያው ለ300 ያርድ ከተስተካከለ ጥይቷ መሃል መንገድ ላይ ከሰው ራስ በላይ ልታልፍ ትችላለች። ርቀቱን የሳተ ሰው እጁ የቱንም ያህል ቢጸና ሰውየውን ይስታል።

ይህን ትምህርት ያላገኘ ጦር ደግሞ የተሻለው ጠመንጃ አልጠቀመውም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሁለቱም ወገኖች ጥሩ ጠመንጃ ይዘው ብዙ ጊዜ የተታኮሱት አያቶቻቸው በተታኮሱበት ቅርብ ርቀት ነው። ከጦርነቱ የተመለሱ የሰሜን መኮንኖች በወታደሮቻቸው አተኳኮስ ስላዘኑ በ1871 ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር መሠረቱ። ዛሬ በፖለቲካ የሚታወቀው ማኅበር የተወለደው የድሮ ወታደር ይስት ስለነበር ነው።

«ባለ ካዝናው ጠመንጃ ወታደሩን አሰነፈው። አንድ በአንድ ቢያጎርስ ኖሮ ያስብ ነበር።»

ይሄ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የዚያ ዘመን ጄኔራሎች ልክ እንደዚህ ነበር የሚሉት። ደግሞም ሞክረውታል። በ1888 እንግሊዞች የተቀበሉት ሊ ሜትፎርድ ጠመንጃ ካዝና ነበረው። ግን በካዝናው አፍ ላይ መዝጊያ ሳህን ተገጠመለት። ወታደሩ በተለመደው ጊዜ ሳህኑን ዘግቶ ጥይት አንድ በአንድ በእጁ እያጎረሰ ይተኩሳል። ካዝናው የሚከፈተው ለክፉ ቀን፣ ያውም ሲታዘዝ ነው። ይህ የጸሐፊው መፍትሔ ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ምን ሆነ? በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል ሳህኑ ከጠመንጃው ወጣ። ብዙም የማይጠቅም፣ ለመሥራት ግን ጊዜና ገንዘብ የሚበላ ዕቃ ሆኖ ተገኘ።

ሰውን ያሳመነው ጦር ሜዳ ነው። በ1877 ከሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነት ፕሌቭና (ዛሬ ቡልጋሪያ ውስጥ) ላይ ኦቶማኖች ሁለት ዓይነት ጠመንጃ ይዘው ተከላከሉ። ለሩቁ አንድ በአንድ የሚጎርሰው ፒቦዲ ማርቲኒ፣ ለቅርቡ ባለ ካዝናው ዊንቸስተር። ጥይት ከጎናቸው ተከምሮ ነበር። የሩሲያ እግረኛ ወደ ምሽጉ በተጠጋ ቁጥር እንደ ቅጠል ረገፈ። ያንን ያዩ የአውሮፓ ጦሮች ሁሉ ባለ ካዝና ጠመንጃ ፍለጋ ሮጡ። በጸሐፊው መለኪያ ኦቶማኖቹ አባካኞች ናቸው። በእኔ መለኪያ ግን ለየርቀቱ ተገቢውን ፍጥነት የመረጡ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ እንግሊዞች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከቦሮች (ከደች ዘር ሰፋሪዎች) ጋር የተዋጉበት የቦር ጦርነት መጣ። ታኅሣሥ 11 ቀን 1899 ማገርስፎንቴይን ላይ የቦሮቹ ጄኔራል ደ ላ ሬይ ምሽጉን ያስቆፈረው ኮረብታው አናት ላይ አይደለም። ግርጌው ላይ ነው። ይህ የተኩስ ዕውቀት ነው። ከላይ ወደ ታች የሚተኮስ ጥይት መሬት ላይ ይተከላል። ከግርጌ የሚተኮሰው ግን መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል። አንዱን ቢስት ከኋላው ያለውን ያገኛል። ቦሮቹ የያዙት ባለ ካዝና ማውዘር ነበር። ጭስ አልባው ባሩድ ደግሞ ያሉበትን ደበቀላቸው። እንግሊዞች መድፋቸውን ኮረብታው ላይ አዘነቡት። ጥይቱ የመጣባቸው ግን ካላሰቡት ቦታ ነው። ያ ሁሉ የተሠራው በባለ ካዝና ጠመንጃ ነው። ያሰነፈው ሰው አልታየም።

ሽንፈቱ እንግሊዞችን አስተማራቸው። የሃይዙን ትምህርት ቤት ኖርማን ማክማሆን የሚባል መኮንን እንደ አዲስ አንቀሳቀሰው። ይህን ሰው በጣም አከብረዋለሁ። ለየሻለቃው ተጨማሪ መትረየስ ይሰጠን ብሎ ቢከራከር እምቢ ተባለ። አንድ ሻለቃ ያለው 2 መትረየስ ብቻ ነበር። እሱም እንግዲያውስ እያንዳንዱ ወታደር በፍጥነት እየተኮሰ ይምታ ብሎ ተነሳ። ወታደሩ በ300 ያርድ ርቀት ላይ በአንድ ደቂቃ 15 ጥይት ይተኩሳል። መተኮስ ብቻ አይደለም፣ ነጥብ ይያዝበታል። ደመወዙ ላይ የሚጨመርለት የሙያ ክፍያም ከተኩስ ውጤቱ ጋር የተያያዘ ነበር።

ነሐሴ 23 ቀን 1914፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት እንደጀመረ፣ ቤልጅየም ውስጥ ሞንስ ላይ ይህ ሥልጠና ተፈተነ። ጀርመኖች ተጠጋግተው መጡ፣ ፈጣኑ ተኩስ ክፉኛ ጎዳቸው። መትረየስ የተደገነባቸው መሰላቸው የሚለው ወሬ ተጋኗል የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ወሬውን ብንተወው እንኳን የጠመንጃው ሥራ አይካድም። ያ ወታደር ፈጣን ነው፣ ደግሞም አነጣጣሪ ነው። ጸሐፊው ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም ይላሉ። በአንድ ሰው እጅ ላይ አብረው ሄደዋል።

ማክማሆን በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ኢፕር አካባቢ ተገደለ። እሱ ያሠለጠነው ጦርም በዓመቱ መጨረሻ አብዛኛው ሞቶ ወይም ቆስሎ ነበር። ቀጥለው የመጡት በጎ ፈቃደኞች በጥድፊያ የሠለጠኑ ናቸው። የምሽግ ቦይ ውስጥ ሆነው የእጅ ቦምብ መወርወር ለመዱ። አዛዦቻቸው ወታደሩ ጠመንጃውን ረሳው እያሉ ያማርሩ ጀመር። ልብ በሉ፣ ጠመንጃው አልተለወጠም። ያው ባለ ካዝናው ሊ ኤንፊልድ ነው። የተለወጠው የሥልጠናው ጊዜ ነው። ለጽሑፉ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ ስጥ ብባል የምሰጠው ይህን ነበር።

«በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአራት ወታደር ሦስቱ አልተኮሱም። በጌቲስበርግም ተጎርሰው ያልተተኮሱ ጠመንጃዎች ተገኝተዋል። ሰው ሰው መግደል አይፈልግም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደስ ብሎኝ እቀበላለሁ። ማስረጃዎቹ ግን ውሃ አያነሱም።

ከአራት ሦስቱ የሚለው የኤስ ኤል ኤ ማርሻል ነው። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በውጊያ ላይ ከነበሩ እግረኞች የተኮሱት ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ናቸው አለ። ቁጥሩ ዓለምን ዞረ። በ1988 ግን ሮጀር ስፒለር የተባለ የታሪክ ምሁር ምንጩን ፈተሸ። ቁጥሩን የሚደግፍ ስሌት አላገኘም። አብሮት የተጓዘው ረዳቱም ማርሻል ወታደሮቹን ማን ተኮሰ ማን አልተኮሰም ብሎ ሲጠይቅ አላስታውስም አለ። ሰውየው ከወታደሮች ጋር ብዙ ተነጋግሯል፣ ያስተዋለውም ነገር አለ። ነገር ግን ያ በመቶኛ የተጻፈው ቁጥር ግምት ነው። በግምት ላይ ደግሞ የሥልጠና ፖሊሲ አይቆምም።

ጌቲስበርግም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ1863 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከተደረገው ከዚያ ውጊያ በኋላ ወደ 27,000 ጠመንጃ ከሜዳ ተለቅሟል። 24,000 ያህሉ ጎርሶ ነበር። ብዙዎቹ ከአንድ በላይ ጥይት ነበረባቸው። ጸሐፊው ይህን ሲያነቡ ያዩት መግደል የተጸየፈ ልብ ነው። እኔ የሚታየኝ የተጨነቀ እጅ ነው። እስቲ አስቡት። ያንን ጠመንጃ ለማጉረስ ወረቀቱን በጥርስ ቀዶ፣ ባሩዱን አፍስሶ፣ እርሳሷን ከቶ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ፣ በመጨረሻም ትንሿን ተቀጣጣይ ቆብ መግጠም ያስፈልጋል። ቆቧ ከተረሳች ወይም ካልፈነዳች ጠመንጃው አይተኩስም። ግራና ቀኝ ሁሉም በሚያጓራበት ሰልፍ ውስጥ ያ ሰው የራሱ ጠመንጃ አለመተኮሱን እንኳን ላያውቅ ይችላል። ደግሞ ያጎርሳል። ጎርሶ ሜዳ ላይ የወደቀ ጠመንጃም ባለቤቱ ሊተኩስ ሲል የተመታበት ሊሆን ይችላል። ደጋግሞ የተጎረሰው ግን የሥልጠናን ጉድለት ነው የሚያሳየው።

ማርሻል ያስተዋለው አንድ ነገር ግን ከቁጥሩ ይልቅ ይጠቅመናል። መትረየስ በቡድን የያዙና አለቃቸው አጠገባቸው ያለ ወታደሮች የበለጠ ይተኩሳሉ ብሏል። ይህ ከነገሩ ሎጂክ ጋር ይሄዳል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወታደር ክርኑ የጓደኛውን ክርን እየነካ ነው የቆመው። ከጀርባው አዛዥ ይጮኻል። መትረየስና መድፍ ሰልፉን ሲበትኑት ያው ወታደር ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ጠላት አይታየውም። ማንም ተኩስ አይለውም። ክብ ኢላማ ላይ ብቻ የሠለጠነ ሰው ኢላማው ሲጠፋው ግራ ቢጋባ ምን ይገርማል? ውሳኔው ወደ እሱ ተዛውሯል፣ ውሳኔውን ያስተማረው ግን የለም።

«የክብ ኢላማ ሥልጠና ይመለስ።»

በግማሽ የምቀበለው ይህን ነው። ትንፋሽ መያዝ፣ ቃታን ሳይነጥቁ ቀስ ብሎ መሳብ፣ የጥይትን መቀራረብ አይቶ ስህተትን ማወቅ፣ እነዚህን ለማስተማር በታወቀ ርቀት ላይ ከተተከለ ወረቀት የተሻለ ነገር አላውቅም። ጀማሪ ከዚያ ቢጀምር ትክክል ነው።

እዚያው ቢቀር ግን አደጋ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ጦር ተመራማሪዎች ፎርት ቤኒንግ ላይ ይህን ለመቀየር ሠሩ። ከዚያ በፊት ምልምሉ ኢላማው የት እንደሆነ ያውቃል። ርቀቱም ይነገረዋል። ኢላማውም ትልቅ፣ ነጭና የማይንቀሳቀስ ነው። ጦር ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ጠላት የለም። አዲሱ ሥልጠና ትሬንፋየር ተባለ። የሰው ቅርጽ ያለው ኢላማ በተለያየ ርቀት ካልታሰበ ቦታ ብቅ ይላል። ለጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ይወድቃል። ወታደሩ መጀመሪያ መፈለግ አለበት። ከዚያ ርቀቱን መገመት፣ ከዚያ መወሰን፣ ከዚያ መተኮስ። ሲመታ ኢላማው ይወድቃል፣ ውጤቱንም ወዲያው ያየዋል።

ጸሐፊው «ሳያስብ የሚተኩስ ማሽን» ያሉት የዚህን ሥልጠና ውጤት ነው። እኔ ተቃራኒውን ነው የማየው። ሳያስብ የሚተኩስ ማለት በ18ኛው ክፍለ ዘመን በትእዛዝ ወደ ጭስ የሚተኩሰው ነው። ብቅ በሚል ኢላማ የሠለጠነው ቢያንስ እንዲያይ ተጠይቋል። ቆየት ብሎ ደግሞ መተኮስ የሌለባቸው ኢላማዎች ተጨመሩ። አንዱ ምስል መሣሪያ ይዟል፣ ሌላው ባዶ እጁን ነው። ሁለተኛውን የተኮሰ ወታደር ፈተናውን ይወድቃል። ይህ ለእኔ የተኩስ ዲሲፕሊን ቁንጮ ነው። የንጹሕ ሰው ሕይወት የሚተርፈው እዚህ ጋ ነው።

«በቬትናም አንድ ሰው ለመግደል 50,000 ጥይት።»

ይህ ቁጥር የሚገኘው የፈሰሰውን ጥይት በሞተው ሰው ቁጥር በማካፈል ነው። እንዲህ ያለ ስሌት አንድ ጥይት የምትሠራውን ሥራ ሁሉ መግደል ብቻ ያደርገዋል። ጓደኛው ሜዳውን እንዲሻገር ጠላትን አንገት የሚያስደፋ ተኩስ አለ። ያ ተኩስ ማንንም ሳይመታ ሥራውን ጨርሷል። በጀርመን የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ጓድ (አነስተኛ የወታደር ቡድን) ውስጥ መትረየሱ ማዕከል የነበረው፣ ሌላው ጥይቱን የሚሸከመው ለዚህ ነው። በቬትናም ጫካ ውስጥ ብዙ ብክነት አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነበር። ብክነቱን ከጠቃሚው ለይቶ የማያሳይ ቁጥር ግን ማንንም አያስተምርም።

«አውቶማቲኩ ይቆለፍ።»

ይህም ተሞክሯል። በ1980ዎቹ ኤም 16 ኤ2 የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ሙሉ አውቶማቲኩ ወጥቶ በአንድ ስበት ከ3 ጥይት በላይ እንዳይተኩስ ተደረገ። ዓላማው የጸሐፊው ዓላማ ነው። ችግሩ መሣሪያው ወታደሩን ተክቶ እንዲያስብ መጠበቁ ነው። የቃታው አሳሳብ ወጥ አልነበረም፣ ይህም ለማነጣጠር አያመችም። ከዓመታት በኋላ የአሜሪካ ጦር በኤም 4 ኤ1 ጠመንጃ ወደ ሙሉ አውቶማቲክ ተመለሰ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወታደሩ አንድ በአንድ እንዲተኩስ ነው የሚሠለጥነው። መቆለፊያው ያለው ሰውየው ውስጥ ነው።

ርቀትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ጽሑፉ «የዛሬ ወታደር 600 ሜትር ላይ መምታት አይችልም» ብሎ ያዝናል። በ1952 ኖርማን ሂችማን ለአሜሪካ ጦር ባዘጋጀው ጥናት፣ በጠመንጃ የሚደረግ ውጊያ በአብዛኛው ከ300 ያርድ በታች እንደሆነ አሳየ። ጀርመኖችም ከዚያ በፊት ይህንኑ ተረድተው አጠር ያለ ጥይት የሚጎርስ አውቶማቲክ ሠርተዋል። ለሁሉም ወታደር 600 ሜትር ማስተማር ከሌላ ነገር የሚቀማ ጊዜ ነው። ሶቪየቶች በ1963 ድራጉኖቭ የተባለውን የሩቅ ተኩስ ጠመንጃ ሲቀበሉ ያደረጉት የተሻለ ነው። በየመቶው (በየፕላቱኑ) አንድ ሰው መርጠው ለሩቁ አሠለጠኑት። በኋላ የአፍጋኒስታን ተራሮች የሩቁን ተኩስ እንደገና አስፈላጊ ሲያደርጉት ሌሎች ጦሮችም ወደዚህ አሠራር መጡ።

የመጨረሻው ነጥባቸው በጣም ያሳሰበኝ ነው። «ዘመናዊ መነጽርና ሲሙሌተር ስላለ የሥልጠና ጥይት ይቀነስ» ይላሉ።

ጠመንጃ ላይ የሚገጠም መነጽር ትልቅ ነገር ነው። እንግሊዞች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለተራው እግረኛ ጭምር አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ሰጥተዋል። ውጤትም ያሻሽላል። ሲሙሌተርም ይጠቅማል፣ በተለይ ልተኩስ ወይስ ልተው የሚለውን ውሳኔ ለማለማመድ። አንዱን ሁኔታ አሥር ጊዜ መመላለስ ይቻላል፣ ማንም አይጎዳም። ግን ሲሙሌተር ውስጥ ትከሻ የሚመታ ሰደፍ የለም። ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ የለም። ላብ መነጽሩን አያደበዝዝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አጠገብህ ያለ ጓደኛ በአፈሙዝህ ፊት ሊያልፍ እንደሚችል ማወቅ፣ ያ እውነተኛ ፍርሃት የለም። ጣትን ከቃታ ላይ ማንሳት የሚለመደው በእውነተኛ ጥይት ነው።

እውነት ነው፣ ጥይት ዋጋ አለው። የሚቀነስ ካለ ግን ከየት እንደሚቀነስ ልናገር። የአሜሪካ ጦር በ2019 የጠመንጃ ፈተናውን ቀይሯል። ወታደሩ 40 ኢላማ ይጠብቀዋል፣ በ4 ካዝና ውስጥ 10 10 ጥይት ይይዛል። ተኝቶ፣ ተንበርክኮና ቆሞ ይተኩሳል። ድሮ ከማማው ላይ በድምፅ ማጉያ ካዝና ቀይር ይባል ነበር። አሁን ማንም አይነግረውም። ካዝናው ባዶ መሆኑን ራሱ ማወቅ አለበት። ከለላውን ተደግፎ ከአንዱ አቋቋም ወደ ሌላው ራሱ ይሸጋገራል። ከ40ው 23 ካልመታ አላለፈም።

ጥይት ካነሰ ምልምሉ ክብ ወረቀት ላይ መሠረቱን ከያዘ በኋላ ተመቻችቶ ተኝቶ በዚያው ወረቀት ላይ የሚያወጣው ይቀነስ። ላብ አጥልቆት፣ ካዝናውን ራሱ ቀይሮ፣ ብቅ ያለው ምስል መሣሪያ መያዝ አለመያዙን ለይቶ የሚተኩሳት ጥይት ግን አትነካ።